ጠጉር ያበቀለችው መኪና

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣ ፊደል አስይዘው ለሰው ላበቁኝ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ለጆሮዎ እንደማይመች አውቃለሁ፤ እማዬም ብትሆን ቤቱ በላይዋ ላይ እየተቃጠለ እንኳ በስልክ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ጻፍኩ፤ እርስዎ ጮክ ብለው ያነቡላታል።

መኪናዋ ከወደብ ተነሥታለች፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እሷም ትደርሳለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመርከብ የሚወርዱ የሌላ ሰው መኪኖችን ሳጥብና ሰም ስቀባ ኖሬ፣ ይቺ የራሴ የምላት የመጀመሪያዋ ናት። የራሴም አይደለች፤ የእማዬ ናት። ጉልበቷን የቀደዱት ሐኪም ያሉትን አልረሱትም፤ ከኅዳር አሥር ጀምሮ ለስድስት ወር በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ማለማመጃው ክፍል መመላለስ አለባት። በአውቶብስ ተንጠልጥላ እንድትሄድ አልፈልግም። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር፣ ቀስ በል፣ ሊነዳላት ቃል ገብቶልኛል። ቅጽል ስሙን ያገኘው በከንቱ ስላልሆነ በእሱ አልሰጋም።

የምሰጋው በቀለሟ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ናት። ይህ ቀለም ምስጢር አይጠብቅም፤ አንዲት ጭረት ብታርፍበት ከመንገዱ ማዶ ይናገራል። እባክዎን እንዲህ ይደረግላት፦ ፀሐይ ላይ ፈጽሞ አትታጠብ፤ ጥላ ውስጥ ትሁን። ሁለት ባልዲ ይያዝ፤ በአንዱ ሳሙናው፣ በሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውኃ። አለዚያ ያነሡትን አሸዋ መልሰው እላይዋ ላይ ይፈትጉታል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አይንካት፤ የላክሁት የመኪና ሳሙና አለ። ከላይ ወደ ታች ይታጠብ፤ ጎማው በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። ስትደርቅ ከቆርቆሮው ሰም የጣት ጫፍ ያህል ተወስዶ፣ እንደ እስትንፋስ ስስ ተደርጎ ይቀባ፤ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ፎጣ ይወልወል። የወፍ ኩስ ካረፈባት በዚያው ቀን በውኃ ይለስልስ፤ አይፋቅ። ከሁሉም በላይ ማንም ሰው በአቧራዋ ላይ በጣቱ እንዳይጽፍ፣ በመዳፉም እንዳይደገፍባት። አቧራ ማለት ደቃቅ አሸዋ ነው፤ ያ ምልክት ከታጠበ በኋላም ይቀራል።

ውስጡ ለስላሳ የሆነ የመኪና ልብስም አብሮ አለ። ለእማዬ ጉልበቷን ሳሙልኝ።

የእኅትዎ ልጅ


ጥቅምት 28 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለእኅቴ የማኅፀን ፍሬ፤

ባሕሩን በዳርቻው የወሰነ፣ ለመርከብም መንገዷን ያሳየ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። የእጅሽን ድካም በከንቱ አያስቀርብሽ፤ በሰው አገር የምትረግጪው ምድር ይለስልስልሽ። እኛ፣ እኔም እናትሽም፣ በቸርነቱ አለን።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና በሰላም ገብታለች። በበሩ ስትዘልቅ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። ቀስ በል መሪውን ይዞ ከበሩ እስከ መጠለያው ያለችውን ሃያ እርምጃ ሲያስገባት፣ እውነት እልሻለሁ፣ ዘለግ ያለ ጸሎት አድርሼ ጨረስኩ። እናትሽ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ «ይሄ ሰውዬ እየነዳት ነው ወይስ እያስታመማት?» አለች። በመሪው ፊት ያለውን ቁጥር በመነጽሬ አየሁት፤ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ይላል። እንጨት የምናኖርበትን ቆርቆሮ ቤት አስለቅቄ ማደሪያዋ አድርጌዋለሁ።

ትእዛዝሽን ቃል በቃል ፈጽሜአለሁ። ሁለቱን ባልዲ አልቀየጥኩም፤ ጥላውን ጠብቄአለሁ፤ ጎማውን በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ አጥቤአለሁ። ስለ ሰሙም አትስጊ። አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኜ፣ መቅረዙን፣ መስቀሉን፣ የመጻሕፍቱን ገበታ በእጄ ያኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለከበረ ዕቃ የሚገባው ምን እንደሆነ አላጣውም። ያቺ የላክሻት ቆርቆሮ ግን ሽታዋ የነዳጅ ነው፤ ይህን ልነግርሽ ወደድኩ።

አሁን ልብሷን ለብሳ ዐርፋለች። እናትሽ ትስምሻለች።

አጎትሽ


ኅዳር 17 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ፣ ከሁለት መኪና መካከል ቆሜ አነበብኩት። እጄ አረፋ ነበር፤ ወረቀቱ ጥግ ላይ የረጠበው በዚያ ምክንያት ነው እንጂ በሌላ አይደለም። ጤናዎን አምላክ ይጠብቅልኝ።

አሁን ሳምንቱ አልፏል፤ እማዬ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች ማለት ነው። ከፊት ነው የምትቀመጠው ከኋላ? ከፊት ትሁን፤ እግሯን ትዘረጋለች። ጉልበቷ ምን ያህል ታጠፈ? የምታለማምዳት ሴት ምን አለች? እባክዎን ይህን በዝርዝር ይጻፉልኝ።

ከመንገድ ስትመለሱ የጎማዋን ዙሪያ ውኃ አርከፍክፉበት፤ ጭቃ ሲደርቅ ነው የሚበላት። ልብሷንም ቆሻሻ ሳለች አታልብሷት፤ በአቧራ ላይ ልብስ መጎተት በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ቁጥሩ አሁን ስንት ደረሰ? ከመጀመሪያው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቷ ይቀየራል።

የእኅትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

የዘገየሁት ስለ ረሳሁሽ አይደለም፤ የማይረሳ አምላክ አንቺንም አይርሳሽ። በመግቢያሽና በመውጫሽ ይቁምልሽ፤ ከምታውቂውም ከማታውቂውም ይሰውርሽ።

ብርዱ በርትቷል። እናትሽ በተቀመጠችበት ደህና ናት። ምግብ ትበላለች፤ ትስቃለች፤ ከእኔ ጋር ትጣላለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ሰው አማክሮኝ ነው። ልብስ፣ ይኸውም ለስላሳ ሽፋን ያለው ልብስ፣ በአንዳች ምክንያት ከቀለም ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ቢል ምን ይደረጋል? ቢጎትቱት ልብሱ ይቀደዳል እንጂ ቀለሙ አብሮ ይነሣልን? ደግሞም ቲነር የሚሉት ውኃ ለዚህ ይሆናልን? ሰውየው መልስሽን በጉጉት ይጠብቃል።

ስለ ቁጥሩ ጠይቀሽኛል። ሠላሳ ስምንት ነው።

አጎትሽ


ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬ ስጽፍ ይቅር ይበሉኝ።

አስቀድሜ፣ ቲነር አይንካት! ማንም ጠርሙስ ይዞ ቢመጣ በሩን ይዝጉበት።

በጥቅምት ደብዳቤዎ ሠላሳ ስምንት ብለውኛል። በታኅሣሡም ሠላሳ ስምንት። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቶ ነው እል ነበር። እርስዎ ግን በዕድሜዎ ሐሰት ከአፍዎ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ቁጥሩ እውነት ነው። ሐኪም ቤቱ ከግቢያችን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። እማዬ አንዲት ቀን እንኳ ሄዳ ብትመለስ ሃምሳ ስድስት በሆነ ነበር።

መኪናዋ ቆማለች። «አንድ ሰው» ያሉትም ሰው ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ መነጽር ያደርጋል፣ ቆርቆሮ ሰም አይወድም።

አጎቴ፣ ይህን የምጽፍልዎ ስለ መኪናዋ ብዬ አይደለም። ትላንት ስደውልላት «ደህና ነኝ» አለችኝ። እንዴት ነው ጉልበትሽ ስላት፣ «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ» አለችኝ። እማዬ በምን እየሄደች ነው? ወይስ አልሄደችም? እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሰው ይንገሩኝ።

የእኅትዎ ልጅ


ጥር 19 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

የተሰወረውን የሚያይ፣ የተናዘዘውንም የማይጥል አምላክ በመካከላችን ይቁም። ሰው በሸመገለ ጊዜ መምከር እንጂ መናዘዝ ይከብደዋል። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለኑዛዜ ነው፤ እስከ ፍጻሜው ታግሠሽ አንብቢ።

ያቺን ቆርቆሮ ከፍቼ ባሸተትኳት ጊዜ ልቤ አልተቀበላትም። ከዕቃ ቤት ስሰናበት የሰጡኝ፣ ከጧፍ የተረፈ ንጹሕ የንብ ሰም ሁለት እንክብል ነበረኝ። መቅረዝ ከእርጥበት የጠበቅሁበት፣ የመጻሕፍት ገበታ ያበራሁበት ሰም ነው። «ፋብሪካ ያወጣው ቅባት ንብ ከሠራችው ሊበልጥ ነውን?» አልኩ። ትዕቢት በመንፈሳዊ ቅንዓት ልብስ ትመጣለች። ሰሙን በድስት አቅልጬ፣ በጨርቅ እየነከርኩ፣ ኮፈኗንም ጣሪያዋንም በሮቿንም ቀባኋት። አንቺ እንደ እስትንፋስ ስስ ብለሽ ነበር፤ እኔ እንደ ጣት ጥፍር አወፈርኩት። መስታወቶቿንም አልተውኳቸውም፤ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ አድልዎ መሰለኝ። ከዚያም የላክሽውን ልብስ አልብሼ፣ በገመድ ጠፍሬ፣ በሩን ቆለፍኩ። በዕቃ ቤት ሕግ የከበረ ነገር ይሸፈናል፤ ያለ ሰዓቱም አይገለጥም። ወደ አንቺ የጻፍኩት በዚያ ማግስት፣ ገና ስኮራ ሳለሁ ነው።

ያ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን ዘነጋሁ። ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሰሙ እየቀለጠ የልብሱ ገበር ጠጣው፤ ሲመሽ ደግሞ ይረጋል። ኅዳር አሥር ቀን ጠዋት እናትሽ ነጠላዋን ደርባ፣ ምርኩዟን ይዛ ደጃፍ ቆመች። እኔና ቀስ በል ልብሷን ልንገልጥ ገባን። አልገለጥ አለ። በአንድ ጠርዝ ጎተትነው፤ ልብሱ ተነሣ፣ ለስላሳው ገበር ግን ከመኪናዋ ጋር ቀረ። ቀስ በል ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሳትና ቀና አለ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የነገሩኝ መኪና ነው ወይስ በግ?»

«መኪና ናት እንጂ።»

«ታዲያ ይሄ ጠጉር የማነው?»

በሮቿም ከልብሱ ጋር ተጣብቀው አልከፈት አሉ። በማግስቱ ቀስ በል ጠርሙስ በብብቱ ይዞ መጣ።

«ቲነር ነው። አንዴ ካፈሰስንበት በቃ፣ ልቅቅ!»

«ሰሙን ያስለቅቀዋል?»

«ያስለቅቀዋል።»

«ቀለሙንስ?»

ራሱን አከከ። «እሱንም።»

አስወጣሁት። ነገር ግን ልጄ፣ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ጠርሙሱን ይዞ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላል፤ እኔም በየሳምንቱ ልቤ ወደ ጠርሙሱ ያዘነብላል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እናትሽ ኅዳርን በአውቶብስ ተመላለሰች። በወሩ መጨረሻ የሚያስቀምጣት አጥታ፣ ከመግቢያው እስከ መውረጃው ቆማ ተጓዘች፤ ጉልበቷም እንደ ሊጥ አበጠ። ከታኅሣሥ መባቻ ጀምሮ ከግቢ አልወጣችም። ታክሲ ልጥራ ብላት፣ «ልጄ የላከችልኝ መኪና ቆማ በሰው መኪና አልሄድም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል?» ብላ ፊቷን አዞረች። የምታለማምዳት ሴት በቀስ በል በኩል ልካብናለች፤ የካቲት ሳያልቅ ካልተመለሰች ጉልበቱ በዚያው እንደ ደረቀ ይቀራል፤ ከምርኩዝም አትላቀቅም።

ከዚህም የከፋ አለ። ደብዳቤሽን ሳነብላት ስለ ጉልበቷ የጠየቅሽበትን መስመር ዘለልኩት። እሷ መልሱን «ጻፍላት» ብትለኝ ምን እጽፋለሁ ብዬ ነው። ከልጅነቴ እስከ ሽበቴ ጽሑፍ ስዘል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሌሊት ይቆረቁረኛል። መክሊቱን እንዳይጠፋበት ብሎ መሬት የቀበረውን ባሪያ ሰነፍ እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ! እኔም የሰጠሽኝን ሸፍኜ፣ ሰም ቀብቼ፣ ቆልፌ ቀበርኩት፤ የተሰጠበት ምክንያት ደግሞ በወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት ያየኝ ነበር።

ፍርድሽን እጠብቃለሁ። መድኃኒትም ካለሽ።

አጎትሽ


ጥር 28 ቀን (በፈጣን ፖስታ)

ይድረስ ለአጎቴ፣ ዛሬም ለመምህሬ፤

ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ «በግ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ አለቃዬ ከቢሮው ወጣ። ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ አጎቴ መኪና ጠጉር አበቀለባቸው አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዝርዝሩን አስነገረኝ። ሠላሳ ዓመት ሰም የቀባ ሰው ነው፤ ሲጨርስ ምን አለ መሰለዎት? «ቀለሙ ደህና ነው። ከዚያ ሰም ሥር ከፋብሪካ እንደወጣ ተኝቷል።» ይሰማሉ አጎቴ? መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ቲነሩን ባለማፍሰስዎ አዳኗት።

አሁን መድኃኒቱ። ያልኩትን ሕግ ሁሉ ያፍርሱ። ጥላ ብዬ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ያውጧት። የእጅ ፍሬኗ ይለቀቅና ሰዎች ገፍተው ግቢው መሃል ያቁሟት፤ ለዚያ በአሽከርካሪው በር በኩል ያለውን ልብስ ብቻ አስቀድመው በሙቅ ውኃ አለስልሰው ያላቁት፤ የፈላ አይሁን፣ እጅዎ የሚችለው ይሁን። ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በቀትር ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሰሙ ራሱ ይለቃል። ያኔ ልብሱን ከጠርዙ ጀምረው ወደ ኋላ እያጠፉ ቀስ ብለው ይላጡት፤ ወደ ላይ አይጎትቱ። የቀረውን በሙቅ ውኃና በመኪናው ሳሙና ደጋግመው፣ በለስላሳ ጨርቅ። አይፋቅ፤ ቢላ፣ ጥፍር፣ ሚስማር፣ ምንም አይቅረብ። ትዕግሥት ብቻ። እሱ ደግሞ ከእርስዎ ዘንድ አይጠፋም።

ጥፋቱን ለብቻዎ አይውሰዱት፤ ግማሹ የእኔ ነው። የጥቅምት ደብዳቤዬን ግልባጭ አውጥቼ አየሁት። ስለ ሳሙናና ስለ ወፍ ኩስ ገጽ ሙሉ ጽፌአለሁ፤ ስለ እማዬ ጉልበት ሦስት መስመር። የማውቀው ቀለም ስለሆነ ስለ ቀለም ጻፍኩ። የጉልበቷን ከጠየቅሁ መልሱ ይመጣል፤ መጥፎ ቢሆን እዚህ ሆኜ ምን አደርጋለሁ? ቀለም ቢጫር ግን ማከም አውቃለሁ። መኪናዋን እንደ እንቁላል ያስያዝኩዎት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አዲስ ሕግ፦ ትጫር። ትቆሽሽ። ጭቃ ይልበሳት። እማዬ ሐኪም ቤት ትድረስ።

ይህን ደብዳቤ መስመር ሳይዘሉ ያንብቡላት። በተለይ ይህን፦ እማዬ፣ «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ወስጄብሻለሁ። ሌላ ቃል ፈልጊ።

የእኅትዎ ልጅ


መጋቢት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዐይኔ ብርሃን፤

የታሰረውን የሚፈታ፣ ያዘነውንም የሚያስቅ አምላክ ስሙ ከፍ ይበል። በቀስ በል ስልክ «ተላቀቀች» የምትል አንዲት ቃል አስልኬልሽ ነበር። ሙሉውን እስካሁን ያቆየሁት ፍሬውን ሳላይ ስለ አበባው ላለመጻፍ ነው።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ከአርእስቱ እስከ ማኅተሙ አነበብኩላት፤ ቀድሞ የዘለልኩትንም ያን መስመር አምጥቼ አነበብኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እኔ እኮ አውቄ ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ ጉሮሮህን ትጠርግ ነበር» አለችኝ። ከዚያ አንቺ ወዳልሽው ተመለሰች። «ሌላ ቃል ፈልጊ ነው ያለችው? በላት፣ ያመኛል። ያመኛል ግን እሄዳለሁ።»

የካቲት ስድስት ቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ ስድስት ጎረቤት ገፍቶ ግቢው መሃል አቆማት። እናትሽ ወንበሯን አስወጥታ እንደ ዳኛ ተቀመጠች። ፀሐዩ እንደ ተናገርሽው አልዋሸም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የልብሱን ጠርዝ ብነካው እንደ በሰለ ፍሬ ልጣጭ ታዘዘልኝ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ከዐይኔ የወረደውን ላብ ነው ብዬ ለሰው ነግሬአለሁ፤ ለአንቺ ግን አልልም። ከሥሩ ያ ጥቁር ሰማያዊ ብቅ አለ፤ አንዲት ነውር የለበትም።

ኮፈኗንና መስታወቶቿን፣ በሮቿንም ጨርሰን ወደ ጣሪያዋ ስንሻገር ስምንት ሰዓት ሆነ። ለዚያ ቀን በሐኪም ቤት የተያዘላት ቀጠሮ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናትሽ ምርኩዟን አነሣች።

«መስታወቱ ያሳያል?»

«ያሳያል» አለ ቀስ በል።

«በሩ ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ኧረ እኅቴ፣ ጣሪያዋ ገና ጠጉር አለባት!» አልኩ።

«የእኔም ራስ ጠጉር አለበት፤ ከቤት ወጥቼ አላውቅም?»

ወጣን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ከጣሪያዋ ላይ የተቀደደ ልብስ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ። አደባባዩ ዘንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን፤ መኪናዋን ዞሮ አየና፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ቀስ በል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በታላቅ አክብሮት፣ «አዲስ ናት ጌታዬ፤ ብርድ እንዳይመታት ነው» አለው። ፖሊሱ ሳቁን መያዝ ሲያቅተው በእጁ አሳለፈን። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደረስን። የምታለማምዳት ሴት ጉልበቷን አጥፋና ዘርግታ ካየች በኋላ፣ «ደርሳችኋል» አለችን። እኔ ስለ ሰዓቱ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ «አይ፣ ለጉልበቷ ማለቴ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስታጎልንም። ሰሙን ሦስት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ በሙቅ ውኃ እየለቀለቅሁ ጨርሻለሁ። ያቺን ቆርቆሮሽንም ከፍቼ፣ የጣት ጫፍ ያህል ወስጄ፣ እንደ እስትንፋስ ስስ አድርጌ ቀብቼአታለሁ። ሽታዋ አሁንም የነዳጅ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ባፈስስባት እንደ እንቁ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይንከባለላል። ንብም ይቅር ትበለኝ። ልብሷን አጥፌ አኑሬዋለሁ፤ አላለብሳትም። የቆርቆሮ ቤቱም በር አይቆለፍም።

ቁጥሩን ልንገርሽ፤ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር። አሥር ጊዜ ሄዳ አሥር ጊዜ ተመልሳለች፤ ብትፈልጊ ደምሪው።

አሁን ስለ ትላንትናው ላጫውትሽና ላብቃ። ከሐኪም ቤት በአቧራ መንገድ ስንመለስ መኪናዋ ከጥግ እስከ ጥግ ለበሰች። ቀስ በል ግቢው መሃል አቆማት። ምርኩዟ ከኋላ ወንበር፣ ከእኔ ዘንድ ነበር፤ ላቀብላት ስወርድ እሷ አስቀድማ ወርዳ በመኪናዋ ጎን፣ በመዳፏ እየተደገፈች መራመድ ጀምራ ነበር። አንቺ የከለከልሽውን ታውቃለች፤ እኔ አንብቤላታለሁ። ልጣራ አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ባልዲ ሞልቼ፣ ለስላሳውን ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። በአቧራው ላይ የእናትሽ መዳፍ በግልጽ ታትሟል፤ አንድ ከበሩ እጀታ ዘንድ፣ አንድ ከመስታወቱ ሥር፣ ሁለት ከፊት ጎማው በላይ፣ አንድ ከመብራቱ አጠገብ። አምስት ናቸው። ከመብራቱ በኋላ መኪናዋ ታልቃለች። ከመብራቱ እስከ ቤቱ ደጃፍ ደግሞ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በመካከሉ የሚደገፉት ግድግዳም፣ ሰውም፣ እንጨትም የለም። ምርኩዙ ያን ጊዜ በእኔ እጅ ነበር።

ባልዲዎቹን ደፋሁ። ይህች ሳምንት እንዳለች ትቆይ።

አጎትሽ